ጠረጴዛ ላይ የወጡት ሴት

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። እኔ የተጠራሁት ቡናው እስኪፈላ ድረስ ላጫውታችሁ ነው። ጀበናው ሲመጣ ዝም አሰኙኝ፣ አልቀየምም።

እስቲ ኡበር ወይም ታክሲ የምትነዱ እጃችሁን አውጡ። ይኸው፣ ግማሹ ቤት። እንግዲያው ይሄን ታውቁታላችሁ። ከሰሜን በኩል በ83 ሃይዌይ ወደ ባልቲሞር ስትገቡ መንገዱ ሰፊ ነው፣ መኪናው ይከንፋል። መሃል ከተማ ስትደርሱ ግን ድንገት ያልቃል። ከሌላ ሃይዌይ ጋር አይገናኝ፣ ምን አይል፣ የትራፊክ መብራት ፊት ያቆማችኋል። እኔ መጀመሪያ ቀን ጂፒኤሱ ያሳሳተኝ መስሎኝ ነበር።

ጂፒኤሱ አልተሳሳተም። መንገዱ እዚያ ያለቀው እንዳይቀጥል የታገሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ከእነሱ አንዷ ቁመቷ 1 ሜትር ከ50 የሆነች የባለሱቅ ልጅ ነበረች። ባርባራ ሚኩልስኪ ይባላሉ። 10 ዓመት በተወካዮች ምክር ቤት፣ 30 ዓመት በሴኔት ሜሪላንድን ወክለዋል። ከእኛ ብዙዎቹ ስማቸውን የሚያውቁት የቤተሰብ ቪዛ ሲዘገይ "ለሴናተሯ ጻፉ" ስለተባሉ ብቻ ነው።

ልብ ብላችሁ ከሆነ አሁን "ነበረች" ብዬ ወዲያው "ይባላሉ" አልኩ። ልጅ ሳለች "እሷ" እላታለሁ፤ ከተመረጡ በኋላ "እሳቸው" ይሆናሉ። በዕድሜም በሥራም ይገባቸዋል። አለዚያ እናቴ ትቆጣኛለች፣ እዚያ ጋ ተቀምጣለች።

ባርባራ የተወለደችው በ1936 ባልቲሞር ነው፣ ሐምሌ ወር ላይ። ያደገችው በምሥራቁ ሰፈር፣ ሃይላንድታውን። ቤተሰቡ ከፖላንድ የመጣ ዘር ነው፣ ካቶሊክ ነው፣ ሠርቶ አዳሪ ነው። አባቷ ዊሊያም ትንሽ ግሮሰሪ ነበራቸው፤ "የዊሊ ሱቅ" ይባል ነበር። ከመኖሪያ ቤታቸው መንገድ ተሻግሮ ፊት ለፊት። አባትየው ሱቁን ማልደው ይከፍቱ ነበር። የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች የጠዋቱ ሽፍት ሳይገባ ምሳቸውን እንዲገዙ ብለው ነው። ልጅቱ ይሄን እያየች ነው ያደገችው።

ሱቅ ውስጥ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ባንኮኒ ላይ ክርኑን አስደግፎ የሚያወራ ሰው ስኳር ብቻ ፈልጎ አይመጣም። የልጁ ሕመም አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ ከአለቃው ጋር ያለው ጠብ አለ። ባለሱቅ የሰፈሩ ጆሮ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዚያ ባንኮኒ ኋላ አልወጡም። ዋሽንግተን ሲገቡ ባንኮኒው ተለቀ እንጂ።

ትምህርቷን በመነኮሳት ትምህርት ቤት ተማረች። ኢንስቲትዩት ኦቭ ኖትር ዳም የሚባል የባልቲሞር የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር፤ በ2020 ተዘግቷል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከዚያው ትምህርት ቤት ሌላ ልጅ ተመረቀች፤ በኋላ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የሆኑት ናንሲ ፔሎሲ። ከአንድ ትምህርት ቤት ሁለት እንዲህ ዓይነት ሴት! ልዩነታቸው ግን ፔሎሲ የከተማው ከንቲባ ልጅ ነበሩ። ሚኩልስኪ የግሮሰሪ።

ባርባራ ሶሻል ወርከር ሆነች። በ1965 ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ሙያ ማስተርሷን ይዛለች። ችግር ውስጥ ያሉ ልጆችንና አረጋውያንን ትረዳ ነበር። ምናልባትም ዕድሜዋን እዚያው ትጨርስ ነበር፣ መንገዱ ባይመጣ።

በ1960ዎቹ መጨረሻ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ አንድ ፕላን አወጣ። እስከ 16 መስመር ያለው ሃይዌይ ባልቲሞርን ሰንጥቆ ያልፋል። የሚያልፈው ደግሞ በፌልስ ፖይንት ነው። ፌልስ ፖይንት የድሮ ወደብ ነው፤ ድንጋይ ንጣፍ መንገድ፣ ጠባብ የጡብ ቤቶች፣ መርከብ ይሠራበት የነበረ ዳርቻ። ያኔ ግን ፋሽን ሰፈር አልነበረም። የሚኖሩበት የፖላንድ፣ የጣሊያን፣ የዩክሬን ዘር ያላቸው ጡረተኞችና ወዛደሮች ነበሩ። አንዳንዶቹ እንግሊዝኛቸው ስብር ያለ ነው። ማን ይሰማቸዋል ተብሎ ነው የታሰበው።

ሰፈሩ ተሰበሰበ። እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ጠረጴዛው የሚመጣው። ባርባራ አጭር ናት፣ ወለል ላይ ቆማ ማንም አያያትም። ጠረጴዛ ላይ ወጣች። እንግሊዞች ፌልስ ፖይንትን ሊወስዱ አልቻሉም አለች። ምስጥም ሊወስደው አልቻለም። የመንገድ ኮሚሽኑም አይወስደውም! እንግሊዞች ያለችው የ1814ቱን ጦርነት ነው። ዜግነት የወሰዳችሁ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ታውቃላችሁ አይደል? ያ መዝሙር የተጻፈው በዚያው ጦርነት፣ እዚያው ባልቲሞር ላይ ነው። እኔ በጣም የወደድኩት ግን ምስጡን ነው። ቤቱ በምስጥ የተበላ ሰው ሲሰማት ይስቃል። ከሳቀ በኋላ ደግሞ ፊርማውን ያኖራል።

ትግሉ በጩኸት ብቻ አልነበረም። በ1969 ሰፈሩ በአገር አቀፍ የታሪክ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ቅርስ ሲሆን የፌዴራል ገንዘብ ይዞ ማፍረስ ከባድ ይሆናል። ስብሰባ ነበረ፣ አቤቱታ ነበረ፣ ክስ ነበረ። ዓመታት ፈጀ። ሃይዌዩ በመጨረሻ ቀረ።

ታሪኩን አሳምሬ ብቻ እንዳልነግራችሁ ግን አንድ ነገር ልጨምር። በምዕራብ ባልቲሞር የጥቁሮች ሰፈርም እንደዚሁ ተቃውሞ ነበር፤ ሁለቱ ወገኖች አብረውም ታግለዋል። እዚያ ግን ቤቶቹ ፈረሱ። ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ። የቀረው እንደ ቦይ የተቆፈረ አጭር የመንገድ ቁራጭ ነው፤ ነዋሪው "የትም የማያደርስ ሃይዌይ" ይለዋል። እሱንም የነዳችሁበት ትኖራላችሁ።

በ1970 ደግሞ ባርባራ ስለ ስደተኛ ልጆች ኑሮ ባደረገችው ንግግር አገር አወቃት። አሜሪካ ሁሉን አንድ አድርጋ የምታቀልጥ ድስት አይደለችም፣ የሚንተከተክ ድስት ናት አለች። ዶሮ ወጥ የሠራ ያውቀዋል። ሽንኩርቱ ይቀልጣል፣ እንቁላሉ እንቁላል ሆኖ ይቀራል።

በ1971 ለከተማው ምክር ቤት ተወዳደረች። ፓርቲው የሾማት አይደለችም፤ በእግሯ በር እያንኳኳች ነው ያሸነፈችው። ከዚህ በኋላ እንግዲህ "እሳቸው" ናቸው። በ1974 ለሴኔት ሞከሩ፣ ተሸነፉ። በ1976 የተወካዮች ምክር ቤት ገቡ። በ1986 ለሴኔት ዳግም ሲወዳደሩ ከሪፐብሊካን በኩል የቀረቡትም ሴት ነበሩ፣ ሊንዳ ቻቬዝ። ሚኩልስኪ 61 በመቶ አግኝተው አለፉ። ባላቸው ወይም አባታቸው ሳይቀድማቸው በራሳቸው ተመርጠው ሴኔት የገቡ የመጀመሪያዋ ዴሞክራት ሴት ናቸው።

ጥር 1987 ሲገቡ ከ100 ሴናተሮች ሴቶቹ 2 ብቻ ነበሩ። እሳቸውና የካንሳሷ ሪፐብሊካን ናንሲ ካሰባም። አዳራሹ አጠገብ የሴቶች ሽንት ቤት እንኳ አልነበረም። የተሠራው ከዓመታት በኋላ ነው።

አሁን ትንሽ ስለ ራሴ ላውራ፣ ምክንያት አለኝ። እዚህ አገር እንደመጣሁ እንደ ብዙዎቻችሁ ሲኤንኤ፣ ማለትም ረዳት አስታማሚ ሆኜ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሠርቻለሁ። አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በየቀኑ 5 ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ሚስታቸው ማን እንደሆኑ እንኳ አታውቃቸውም፣ አልዛይመር ነው። ወንበር ይስቡና ብርቱካን ይልጡላታል። ነጩን ክር አንድ በአንድ ያነሱታል፣ ጉሮሮዋ ላይ እንዳይቆም። አንድ ቀን "ቤቱ ሩቅ ነው?" አልኳቸው። "ሩቅ አይደለም፣ ያው የድሮው ቤታችን ነው። እግዜር ይስጠው ሕጉ አላስሸጠኝም" አሉኝ። ያኔ ነገሩ አልገባኝም።

የገባኝ በኋላ ነው። ድሮ አንድ ሰው ነርሲንግ ሆም ገብቶ ሜዲኬይድ፣ ያ ለድሃ የሚከፍለው የመንግሥት የጤና መድን፣ እንዲከፍልለት ከፈለገ፣ ባልና ሚስቱ ያፈሩትን ጥሪት መጀመሪያ ሙልጭ አድርገው መጨረስ ነበረባቸው። አንዱ አልጋ ላይ ሲወድቅ ሌላው ቤቱ ውስጥ ባዶ እጁን ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ የምትቀረው ሚስት ናት። 40 ዓመት ቆጥባ፣ በመጨረሻ ለማኝ። እንዲያውም ንብረት ለማዳን ብለው የሚፋቱ ሽማግሌዎች ነበሩ። እስቲ አስቡት፣ በ75 ዓመት ፍቺ!

የሚኩልስኪ አባት፣ ያ ሱቁን ማልደው የሚከፍቱት ሰው፣ አልዛይመር ያዛቸው። ነርሲንግ ሆም ገቡ። ሴናተሯ የሚጠይቋቸው እንደ ማንኛውም ልጅ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሌሎችን ቤተሰቦች ታሪክ ሰሙ። የአባታቸው ባንኮኒ በሉት። በ1988 ቤት የሚቀረው ባል ወይም ሚስት ከጥሪቱ የተወሰነውን እንዲይዝ፣ ከገቢውም መኖሪያ እንዲተርፈው የሚያደርግ ሕግ አጸደቁ። የሚገርመው፣ ሕጉ የገባበት ትልቁ የሜዲኬር፣ የአረጋውያን ጤና መድን፣ አዋጅ በዓመቱ ሕዝብ ጮኾበት አብዛኛው ተሻረ። ይሄኛው አንቀጽ ግን ሳይነካ ቀረ። ዛሬም ይሠራል። ያ ብርቱካን የሚልጡ ሽማግሌ ሚኩልስኪ የሚባል ስም ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም። የሴናተሯ ሥራ እንደዚህ ነው። ሰዎች ቤት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ስም የለውም።

ሌላው የጤና ጉዳይ ነው። ቤተዝዳ ያለውን ኤንአይኤችን፣ የመንግሥቱን የጤና ምርምር ተቋም፣ ታውቁታላችሁ፣ ከመካከላችን እዚያ የሚሠሩም አሉ። እስከ 1990 ድረስ ብዙ የሕክምና ምርምር የሚደረገው በወንዶች ላይ ነበር። አስፕሪን የልብ ድካምን ይከላከል እንደሆነ በተጠናበት አንድ ዝነኛ ጥናት 22,000 ሐኪሞች ተሳትፈዋል። አንድም ሴት የለችም። መድኃኒቱን የሚውጡት ግን ሴቶችም ናቸው። ሚኩልስኪ ከተወካዮች ምክር ቤት ሴቶች ጋር ሆነው መኪና ውስጥ ገቡና ኤንአይኤች ድረስ ሄዱ። ደብዳቤ መላክ ይቻል ነበር። በአካል መሄድ ግን ሌላ ነው፤ በጀት የሚፈርም ሰው በር ላይ ሲቆም ወንበር በፍጥነት ይገኛል። በዚያው በ1990 መስከረም የሴቶች ጤና ምርምር ቢሮ ተቋቋመ። በ1993 ደግሞ ሴቶችን በክሊኒክ ምርምር ማካተት በሕግ ግዴታ ሆነ። ማሞግራም የምትነሡ እናቶች፣ ማሽኑና ባለሙያው ደረጃ እንዲኖራቸው ያስገደደው የ1992 ሕግም የእሳቸው እጅ አለበት።

ሊሊ ሌድቤተር የምትባል የአላባማ ሴት ጎማ ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪ ነበረች። ወንዶቹ ከእሷ የበለጠ ደመወዝ እንደሚያገኙ ያወቀችው ጡረታዋ ሲቃረብ ነው። ፍርድ ቤት ሄደች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2007 "180 ቀን አልፎብሻል" አላት። ሳታውቅ እንዴት ትክሰስ? ይሄን የሚያርመውን ሕግ በሴኔት በኩል ያቀረቡት ሚኩልስኪ ናቸው። ኦባማ ፕሬዚዳንት ሆነው መጀመሪያ የፈረሙት ሕግ እሱ ነው፣ ጥር 2009።

"ባል አላቸው ወይ?" የምትሉ አላችሁ፤ ፊታችሁ ላይ አየሁት። የላቸውም፣ አላገቡም። እሳቸው ራሳቸው ይቀልዱበታል። አንዳንድ ሴቶች መስኮት ላይ ሆነው የሕልማቸውን ልዑል ይጠብቃሉ፣ እኔ የጠበቅኩት ሌሎች ሴት ሴናተሮችን ነው ይላሉ። መጡም። በ1992 ምርጫ 4 አዳዲስ ሴቶች አሸነፉ። ሚኩልስኪ አዲሶቹን ቁጭ አድርገው ቢሮ እንዴት እንደሚደራጅ፣ ጥሩ ኮሚቴ እንዴት እንደሚገኝ አስተማሯቸው። በ1993 ሱሪ ለብሰው አዳራሽ ገቡ። አዎ፣ ሱሪ። ትልቅ ወሬ ሆነ። ከአዲሶቹ አንዷ ካሮል ሞዝሊ ብራውንም ለበሱ፣ ደንቡ ተለወጠ።

ከዚያ ደግሞ እራቱ አለ። የሁለቱም ፓርቲ ሴት ሴናተሮች በወር አንዴ አብረው ይበሉ ነበር። ደንቡ ሦስት ነው። ረዳት አይመጣም፣ ወረቀት አይመጣም፣ የተወራው አይወጣም። የእኛ እናቶች ማኅበር በሉት፣ ጠላው ብቻ ነው የቀረው። ከዚህ ዓይነቱ መቀራረብ ሕግም ወጥቷል። ከቴክሳሷ ሪፐብሊካን ኬይ ቤይሊ ሃቺሰን ጋር ሆነው በ1996 የቤት እመቤቶች በስማቸው ለጡረታ የሚቆጥቡት ከ250 ወደ 2,000 ዶላር ከፍ እንዲል አደረጉ።

የሠሩትን ሁሉ ላመሰግን አልመጣሁም። ዴሞክራቶችን ጭምር ያስቀየመ ድምፅ ሰጥተዋል፤ በ1996 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ከፌዴራል መንግሥት ዕውቅና እንዳያገኝ ያደረገውን ሕግ ደግፈዋል። በ2002 ግን የኢራቅን ጦርነት ተቃውመዋል፣ ያኔ ቀላል አልነበረም። ቢሯቸው ውስጥ መሥራት ከባድ ነው ተብለውም ይታሙ ነበር። እኔ እንኳ እንዲህ ያለ አለቃ ቢኖረኝ በየቀኑ ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የቴሌስኮፑ ነገር ነው። ሃብል በ1990 ወደ ሕዋ ሲላክ ዓይኑ ብዥ ያለ ሆኖ ተገኘ። የዋናው መስታወት ጠርዝ ከሰው ፀጉር ውፍረት 50ኛ እጅ ያህል ከልክ በላይ ተሞርዷል። አገር ሳቀበት። የናሳን በጀት የሚያየው ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሚኩልስኪ ነበሩ። ተቆጡ፣ ገንዘቡን ግን አልቆረጡም። ጠፈርተኞች በ1993 ታኅሣሥ ወጥተው ጠገኑት። በሚቀጥለው ወር እዚህ ቅርባችን ግሪንቤልት ጎዳርድ ማዕከል በተጠራው ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ቀድሞ ብዥ ያለውንና አሁን የጠራውን ፎቶ ይዘው ያሳዩት እሳቸው ናቸው። የሶሻል ወርከር ልብ ነው ያላቸው፤ የተሰበረ ነገር ሲያዩ መጣል አይወዱም። በእርግጥ ሥራውም ሜሪላንድ ነው ያለው፣ እሱንም ደብቀው አያውቁም። በ2004 ናሳ የመጨረሻውን የጥገና ጉዞ ሲሰርዝ ደግመው ተነሱ። ጉዞው በ2009 ተደረገ። በ2011 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ የሃብልን ተተኪ፣ ዌብን፣ ጨርሶ ለመሰረዝ ሐሳብ ሲያቀርብ በሴኔት በኩል ገንዘቡን መልሰው አስገቡ። ያም ናሳን ስለ ወጪው በገለልተኛ ባለሙያ ካስመረመሩ በኋላ ነው።

በ2012 መጋቢት በኮንግረስ ታሪክ ረጅሙን ጊዜ ያገለገሉ ሴት ሆኑ። ያንን ማዕረግ በኋላ የኦሃዮዋ ማርሲ ካፕተር በ2023 ወሰዱት፤ እሳቸውም የፖላንድ ዘር ናቸው። በዚያው በ2012 መጨረሻ የሴኔቱን የበጀት ድልድል ኮሚቴ በሰብሳቢነት ያዙ፣ የመጀመሪያዋ ሴት። መንግሥት በ2013 ጥቅምት ለ16 ቀን ከተዘጋ በኋላ ከኬንታኪው ሪፐብሊካን ሃሮልድ ሮጀርስ ጋር ተቀምጠው የ1.1 ትሪሊዮን ዶላር በጀት ጨረሱ። ያን ጊዜ ሥራ ፈትታችሁ ቤት የዋላችሁ ታስታውሱታላችሁ።

መጋቢት 2015 እንደማይወዳደሩ ያሳወቁት ፌልስ ፖይንት ሆነው ነው፣ ሌላ የት ይሆናል። ለቀጣዩ ምርጫ ገንዘብ ስሰበስብ ልክረም ወይስ ለእናንተ ስጮህ ልክረም ብለው ጠየቁ። በ2017 ጥር ሲወጡ ሴት ሴናተሮች 21 ደርሰው ነበር። ቦታቸውን ክሪስ ቫን ሆለን ያዙ። ሚኩልስኪ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ገቡ።

ጀበናው መጣ መሰለኝ፣ ሽታው ደረሰኝ። አንዲት ነገር ብዬ ልቀመጥ።

ዌብ ቴሌስኮፕ በ2021 በፈረንጅ ገና ቀን ተወነጨፈ። ሴትዮዋ 85 ዓመታቸው ነበር፣ ከሥልጣን ከወረዱ 5 ዓመት ሊሞላቸው ነው። ቴሌስኮፑ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ያነሳው ሁሉ ወደ ባልቲሞር ይላካል። እዚያ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ግቢ ውስጥ ባለው የሕዋ ቴሌስኮፕ ተቋም፣ አንድ መዝገብ ቤት አለ። የሃብልም የዌብም ሥራ የሚቀመጠው እዚያ ነው። የማንም አገር ተመራማሪ ገብቶ ማየት ይችላል፣ አዲስ አበባ ሆኖም ቢሆን። ከ2012 ጀምሮ የመዝገብ ቤቱ ስም ባርባራ ሚኩልስኪ ነው። ከሃይላንድታውን በመኪና ሩብ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው፤ በ83 ብትሄዱ ደግሞ ከዚያ መብራት ነው የምትነሡት።